«መጠጡ ነው» ብሎ የሚቆም ምርመራ

ጠጪ የሆነ ሰው ጉበቱ ታሞ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ መንስኤው ሳይመረመር የታወቀ ይመስላል። ቤተሰቡ «መጠጡ ነው» ይላል፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ከዚያ አልፎ አይጠይቅም። ይህ ችኩል ፍርድ በዘር የሚተላለፍ የጉበት ሕመም ያለበትን ሰው ተገቢውን ሕክምና እንደሚያሳጣው፣ ያንኑ ዘረ መል የወረሱ ወንድሞቹና እህቶቹም ሳያውቁ መጠጣታቸውን እንዲቀጥሉ እንደሚያደርግ አምናለሁ።

ሂሞክሮማቶሲስ ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ ብረት ከምግብ እየወሰደ በጉበት፣ በልብና በቆሽት የሚያከማችበት ሕመም ነው። ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በአየርላንድ ከ83 ሰዎች አንዱ ለሕመሙ የሚያጋልጠውን የዘረ መል ለውጥ ከእናቱም ከአባቱም ወርሷል። የወረሰ ሁሉ ግን አይታመምም፤ ጉበቱ እንዲበላሽ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ አልኮል ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች መካከል በቀን ከ60 ግራም በላይ አልኮል የሚጠጡት፣ ከዚያ በታች ከሚጠጡት ይልቅ ለጉበት ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበት በጠባሳ ተሞልቶ ለሚደነድንበት ሕመም፣ የመጋለጥ ዕድላቸው ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። 60 ግራም ማለት ደግሞ 5 በመቶ አልኮል ያለው ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ አምስት ጠርሙስ እንኳ አይሞላም።

ጉዳቱ እንዲህ የሚባባሰው በሄፕሲዲን ምክንያት ነው። ጉበት የሚያመነጨው ይህ ሆርሞን በአንጀት በኩል የሚገባውን ብረት ይገድባል። በሽተኛው ከመነሻው ሄፕሲዲን ያንሰዋል፤ አልኮል ደግሞ ያለችውን ጥቂት ይቀንስበታል። ሰውነታችን ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት የራሱ መንገድ ስለሌለው የገባው ሁሉ እዚያው ይከማቻል፤ ብረቱም አልኮሉም የጉበትን ሴሎች እያቆሰሉ ጠባሳ ይተዋሉ።

የሕክምናው ዓለም ራሱ በዚህ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ተሳስቶ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሼልደን በ1935 እ.ኤ.አ. ሕመሙ የሚወረስ ነው ብሎ ጽፎ ሳለ፣ በ1960ዎቹ እንኳ መጠጥና የአመጋገብ ጉድለት ያመጡት ሲሮሲስ ነው ብለው አጥብቀው የሚከራከሩ ምሁራን ነበሩ። ዘረ መሉ ተለይቶ የታወቀው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ስሕተቱ በቀላሉ ይደገማል፤ የብረት ክምችትን የሚያመለክተው ፌሪቲን በመጠጥ ምክንያት ብቻም ከፍ ሊል ስለሚችል፣ ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ለአልኮል ሊሰጠው ይችላል። ትራንስፈሪን የተባለው ፕሮቲን ምን ያህሉ ብረት እንደተሸከመ የሚያሳየው ምርመራ አብሮ ቢታዘዝ ግን ጥርጣሬው ይጠራል። ሕክምናውም ውድ አይደለም፤ በየጊዜው ደም መቅዳት ነው። ግማሽ ሊትር ያህል ደም ሲቀዳ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት አብሮ ይወጣል፤ ሲሮሲስ ሳይመጣ የተጀመረ እንደሆነ ጉበቱ ይተርፋል።

ይህ የአየርላንዶች ዘረ መል በእኛ ሕዝብ ዘንድ እምብዛም አይገኝም። መዳብ በጉበትና በአንጎል የሚከማችበት የዊልሰን ሕመም ግን በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ አለ። እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የሚኮላተፍና ጉበቱ የታመመ ወጣት በአገራችን «ሰካራም» ለመባል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እውነተኛ ሕመሙ ግን ዊልሰን ሊሆን ይችላል። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው አልኮልን ጨርሶ እንዲተው ይመከራል፤ መዳቡን የሚያስወጣ መድኃኒትም ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። እንዲህ ያለ ወጣት ሲቀርብ የዓይን ሐኪም የዓይኑን ብሌን ዙሪያ ቡናማ ቀለበት እንዳለው ቢያይለት፣ የ24 ሰዓት ሽንቱ ውስጥ ያለው መዳብም ቢለካ ብዙ ነገር ይገለጣል። ሕመሙ ከተረጋገጠ ደግሞ የእያንዳንዱ ወንድምና እህት የመያዝ ዕድል ከአራት አንድ ስለሆነ፣ ምልክት ባይታይባቸውም እነርሱን ጠርቶ መመርመር የሐኪሙ ግዴታ ሊሆን ይገባል።