ከፊራ ገበያ ላይ በሶስት ቋንቋ የሚከራከር ልጅ ክላስ ሲገባ ለምን ዝም ይላል?

ባለፈው ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር እዚህ ድሬዳዋ ከፊራ ወርደን ነበር፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ቲማቲም የምትሸጠዋን ሴትዮ "ሜቃ?" (ስንት ነው?) ብሎ በኦሮምኛ ጀመረ፣ ተከራከረ፣ አስቀነሰ፣ ሁለት ፍሬ ምራቂም አስጨመረ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ወተት ሻጯን በሶማሊኛ "ኤዶ፣ ኢሚሳ?" (አክስቴ፣ ስንት ነው?) አላት፣ መሃል ላይ ወደኔ ዞሮ በአማርኛ "ተወዷል አቦ፣ እንለፍ" ይለኛል። የሁለቱንም ግራመር ያስተማረው የለም፣ ኳስ ሲጫወት፣ ሱቅ ሲላክ፣ ተሰድቦ መልስ ሲፈልግ ነው የለመደው። እንግሊዝኛን ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲማር ዘጠነኛ አመቱ ነው፣ እስቲ አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ጠይቀኝ ስለው አንገቱን ደፋ።

እኔ ራሴ እዚሁ ድሬ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገሩ ያመኛል። ልጆቹ ቋንቋ የማይገባቸው አይደሉም፣ ይሄ ከተማ እኮ በቋንቋ ነው የሚኖረው። ድሮ ምድር ባቡር የሰሩ አባቶቻችን ፈረንሳይኛ የለመዱት እዛው ስራ ላይ ከአለቃ ጋር እየተነጋገሩ ነው፣ የባቡር ጣቢያው ስም፣ ለገሃር የሚለው ራሱ፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው።

ኮሚዩኒኬቲቭ የሚባለው የማስተማር ዘዴ የሚለውም ይሄንኑ ነው፣ ቋንቋ የሚለመደው እየተነጋገሩበት ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ውስጥ ነው እየተስፋፋ የመጣው። ዴል ሃይምስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ቋንቋ መቻል ማለት ትክክለኛ አረፍተ ነገር መስራት ብቻ አይደለም፣ ለማን፣ መቼ፣ የት ምን እንደሚባል ማወቅም ነው አለ። የእህቴ ልጅ ወተት ሻጯን "ኤዶ" ብሎ አክብሮ ዋጋ የጠየቃት ያንን ስለሚያውቅ ነው።

እና ይሄ ዘዴ እኛ ጋ አልመጣም እንዳትሉኝ፣ መጥቷል፣ መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ጥንድ ሆናችሁ ተነጋገሩ፣ በግሩፕ ተወያዩ የሚል ሞልቷል። አስተማሪው ግን እዛ ገጽ ላይ ሲደርስ "ይሄን ቤታችሁ ስሩት" ብሎ ወደ ግራመሩ፣ ወደ ፓሲቭ ቮይስ ያልፋል፣ እኔም ስንቴ አልፌዋለሁ። ምክንያቱም የአስራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ ላይ ማንም አፉን አይከፍትም፣ ጆሮውንም አይፈተንም። ሁለት ሰው ሲነጋገር የሚያሳየው ጥያቄ እንኳን መልሱ ከኤ እስከ ዲ ተደርድሮ ነው የሚመጣው፣ ልጁ የሚመርጠው ፊደል ነው። ወላጅም፣ ዳይሬክተርም፣ ተማሪውም የሚያየው ያንን ውጤት ነው፣ ታዲያ ማን ለመናገር ጊዜ ይሰጣል?

አንድ ቀን ከሰአት በኋላ፣ ሙቀቱ ክላሱን ባስተኛበት ሰአት፣ ለግማሾቹ የባጃጅ ሹፌር ለግማሾቹ የተሳፋሪ ወረቀት አደልኳቸው፣ ሹፌሩ ጋ ከለገሃር ሳቢያን ስንት እንደሆነ ተጽፏል፣ ተሳፋሪው ጋ ደግሞ ያለው ብር ብቻ። ወረቀት መተያየት የለም፣ በእንግሊዝኛ ተስማሙ አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፣ ከዛ ጫጫታ፣ ከዛ አመቱን ሙሉ ድምጹን ሰምቼው የማላውቀው የኋላ ወንበር ልጅ ብድግ ብሎ "ኖ! የስተርዴይ አይ ፔይ ቴን ብር! ዩ ላይ!" አለ፣ ትላንት አስር ብር ነው የከፈልኩት፣ ትዋሻለህ ማለቱ ነው። "ፔይድ" ማለት ነበረበት፣ አውቃለሁ፣ ግን አላቋረጥኩትም። ሲጨርሱ የማን እንደሆነ ሳልናገር ሰሌዳ ላይ ጽፌው ራሳቸው አረሙት፣ የዛን ቀን ፓስት ቴንስ በደንብ ገባቸው። እኔን ግን ያስጠራኝ ጫጫታው ነው፣ ኃላፊው በር ላይ መጥቶ ክላስ መቆጣጠር አቅቶሃል አለኝ። ዝም ያለ ክላስ ጥሩ ክላስ ነው የሚለው አመለካከት ካልተለወጠ ምንም ስልጠና ቢሰጠን ዋጋ የለውም።

ግራመር ይቅር እያልኩ አይደለም፣ ያ በፍጹም አይሆንም፣ ግራመር የማያውቅ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ገጽ መጻፍ ያቅተዋል። አስተማሪውም ራሱ መናገር ይፈራል የሚሉት እውነት ነው፣ እኛም በዚሁ መንገድ ነው ያለፍነው፣ ግን ከተማሪ ጋር መናገር ሲጀመር የኛም አፍ ይፈታል፣ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ። ደግሞ ልጆቹ ሃይስኩል ከገቡ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። የ2014ን ማትሪክ ከተፈተኑት ሃምሳ ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ጥያቄውን አንብቦ አለመረዳት አንዱ አይደለም የሚለኝ አስተማሪ የለም። በዛው አመት እዚህ ድሬ ነጻ የንግድ ቀጠና ተከፈተ፣ እዛ ለስራ የሚያመለክተው ልጅ ኢንተርቪው ላይ ኤ ወይስ ቢ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የሚሻለው ፈተናው ላይ መጀመር ነው። ማትሪኩን መለወጥ ጊዜ ይፈጅ ይሆናል፣ ግን በየትምህርት ቤቱ ከምንሰጠው መቶ ማርክ ሃያውን ለመናገርና ለመስማት ማድረግ ከዛሬ ጀምሮ ይቻላል። ተማሪው ብዙ ነው፣ ጊዜ የለም ይሉኛል። እኔ ክላስ ውስጥ 64 ልጅ አለ፣ ሁለት ሁለት አድርጌ ለአንዱ ጥንድ አራት ደቂቃ ሰጠሁ፣ ሌሎቹ ጽሑፍ እየሰሩ። አራት ፔሬድ ሳይሞላ አለቀ፣ ያ የኋላ ወንበር ልጅ አራት ደቂቃው ሲያልቅ "ቲቸር፣ ዋን ሞር ሚኒት" አለኝ፣ ጨመርኩለት።