ማስተካከያ፦ «የመጀመሪያዋ ሴት የጤና ሚኒስትር» ስላልነው

ባለፈው ሳምንት ስለ ቀድሞዋ የኢትዮጵያ የጤና ሚኒስትር ዶ/ር ሊያ ታደሰ በጻፍኩት ላይ «የመጀመሪያዋ ሴት የጤና ሚኒስትር» ብያለሁ። ስህተት ነው። ከእሳቸው በፊት ዶ/ር አዳነች ኪዳነማርያም ሚኒስቴሩን መርተዋል፤ ያውም ከ20 ዓመት በላይ ቀድመው። በዘመኑ የመንግሥትና የዓለም ጤና ድርጅት ሰነዶች ላይ ስማቸው ሰፍሯል። ይህን የነገሩኝ እዚሁ ደሴ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ ናቸው። በዚያ ዘመን ሥራ ላይ ነበሩና ስሙ ከአፋቸው አልጠፋም።

ሌላም አለ። ዶ/ር ሊያን የሕፃናት ሐኪም ብያቸው ነበር። በሚኒስቴሩ ይፋዊ የሕይወት ታሪክ መሠረት የማህፀንና ፅንስ ስፔሻሊስት ናቸው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ምክትል ፕሮቮስት ነበሩ። ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት መጋቢት 2012 ነው፤ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱን በዚያው ሰሞን ለሕዝብ ያሳወቁትም እሳቸው ናቸው። ይህ ክፍል ትክክል ነበር።

ስህተቱ ግን ከእኔ ጽሑፍ አልፎ ተሰራጭቷል። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የግድግዳ ጋዜጣ ላይ «የመጀመሪያዋ» የምትለዋ ቃል በቀይ ማርከር ተደምቃ አየኋት። ሁለት ልጆች ደብተራቸው ላይ እየገለበጡ ነበር። ለመምህሯ ነግሬአቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ሰኞ ይቀየራል። ጽሑፌን ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አጋሩት። የዶ/ር አዳነች ስም መዘለሉ ከልብ አሳዝኖኛል። ለአንባቢዎቼ ይቅርታ።