የኮሚቴው ጸሐፊ ማን ነው?

«እምቦጭን ደንብ አይነቅለውም።»

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና በተደረገ ስብሰባ አንድ ኃላፊ እንዲህ አሉ። የተጠየቁት ከባድ ነገር አልነበረም። ስለ ጣና የሚሠራው ኮሚቴያቸው የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ይኑረው፣ የሰብሳቢው የሥራ ዘመን ይታወቅ፣ ቋሚ ጸሐፊ ይመደብ ነው የተባሉት። እሳቸው ግን «የሚያስፈልገን የሚሠራ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ለፓሪሶች ተዉላቸው» ብለው ዘጉት። ፓሪሶች ያሉት ዋና መሥሪያ ቤቱ ፓሪስ የሆነውን ዩኔስኮን ነው። አዳራሹም አጨበጨበ።

ያጨበጨበው ሰው ለምን እንዳጨበጨበ ቆም ብሎ ቢያስብ ጥሩ ነበር።

ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር መረብ ውስጥ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጥበቃንና የሰው ኑሮን አብረው በሚያስኬዱ የዓለም አካባቢዎች ስብስብ ውስጥ፣ የገባው በሰኔ 2007 ዓ.ም. ነው። የመረቡ ደንብ በየ10 ዓመቱ ግምገማ ያዛል። የእኛ 10 ዓመት 2017 ላይ ሞልቷል። በዚህ ግምገማ የሚታየው የሐይቁ ውኃ ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ይኸው ደንብ አካባቢው የአስተዳደር ዕቅድ አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዕቅዱን የሚያስፈጽም የተሰየመ አካል አለ ወይ ይላል። መሥሪያ ቤቶች፣ ነዋሪውና የግሉ ዘርፍ የሚሳተፉበት አደረጃጀትስ? እሱንም ይጠይቃል። መስፈርቱ ካልተሟላ አስተካክሉ ይባላል። በቂ ጊዜ ተሰጥቶ ካልተስተካከለ አካባቢው የመረቡ አባል መባሉ ይቀራል። እንግዲህ ወረቀት ነው ተብሎ የተናቀው ነገር እኛ ከምንመዘንባቸው ነገሮች አንዱ ነው። ኃላፊው ይህን ሳያውቁ ተናግረው ከሆነ ያሳዝናል። እያወቁ ተናግረው ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

«ፓሪሶች» የተባሉትስ እንዴት ነው የሚሠሩት? መረቡ የሚተዳደርበትን «ሰውና ባዮስፌር» የተባለውን ፕሮግራም የሚመራው ምክር ቤት 34 አገሮች አሉት። አገሮቹን የሚመርጠው የዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ምክር ቤቱ ከመካከሉ አንድ ሊቀመንበርና 5 ምክትሎች ይመርጣል፤ ሁሉም አንድ ሰፈር እንዳይሆኑ የዓለም ክፍሎች ይከፋፈሉታል። ከምክትሎቹ አንዱ የዘጋቢነቱን ሥራ ይይዛል። ጽሕፈት ቤቱን የሚያደራጀው ዩኔስኮ ነው፤ ግን ድምፅ አይሰጥም። ከዚህ ሌላ 12 ባለሙያዎች ያሉበት አማካሪ ኮሚቴ አለ። ሳይንሱን መዝነው ሐሳብ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። መዛኙ ሌላ፣ ወሳኙ ሌላ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሌላ።

እኛ ጋ ሦስቱንም አንድ ሰው ጠቅልሎ ይይዘዋል። ያውም ሹመቱ እስኪቀየር ድረስ።

ሌላው ሁሉ ይቅርና ስለ ጸሐፊው ብቻ እንነጋገር። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ታየ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመቻ ተጠራ! ገበሬው እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነቀለ። የነቀለውን ተሸክሞ ዳር ላይ ከመረ። ነገር ግን የዚህ አረም ዘር ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ዛሬ የጸዳው ዳርቻ ከርሞ ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የትኛው ዳርቻ፣ መቼ፣ በማን ተነቀለ፣ ተመልሶ የታየውስ መቼ ነው የሚለው ነው። ክምሩ የት ተጣለ? ዝናብ መልሶ ወደ ሐይቁ አስገባው ወይስ ደርቆ ተቃጠለ? ይህን የያዘ መዝገብ ከሌለ የሚቀጥለው ዘመቻ ከዜሮ ይጀምራል። 20 ዓመት ወንበር ላይ የሚቆይ ኃላፊ የለም። 20 ዓመት ሊቆይ የሚችለው በየዓመቱ ርክክብ የሚደረግበት መዝገብ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ደግሞ ጸሐፊው ነው። እንግዲህ እምቦጭን ደንብ አይነቅለውም የሚሉን ሰው፣ ያለ ደንብ የተነቀለው ለምን ተመልሶ እንደሚበቅል ይንገሩን።

በአንድ ወቅት ከእንዲህ ዓይነት ስብሰባ በኋላ ቃለ ጉባኤው እንዲሰጠኝ ጠይቄ ነበር። የመጣልኝ አቴንዳንሱ ነው። ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከጀርባው ተያይዞ የአበል መክፈያው አለ። ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ማን በስንት ቀን እንደሚፈጽም የሚናገር አንድ መስመር አልነበረም። ለሥራው ደመወዝ የማይከፈልበት የገጠር እድር እንኳ እንዲህ አይሠራም። ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም ይታወቃሉ፤ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረ በደብተር ላይ ሰፍሯል። ዳኛው ሲሞት ደብተሩ አብሮ አይቀበርም።

ሌላ የሚሉት አለ። ፓሪስ የሚወስነው በፖለቲካ ነው፣ የእኛ ወረቀት ማማር ለውጥ አያመጣም ይላሉ። መንግሥታት ባሉበት ፖለቲካ መኖሩ አይቀርም፤ ይህን አልክድም። ታዲያ ደካማው አገር ከፖለቲካ የሚከላከለው በምንድን ነው? በተሟላ ሰነድ ነው እንጂ በጭብጨባ አይደለም። ባዶ እጁን የሄደ ተወካይ ሌሎች የተናገሩትን ሰምቶ ይመለሳል። በየዓመቱ ተወካይ እየቀያየሩ መላክ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አምና የተባለውን የማያውቅ ሰው ዘንድሮ ምን ብሎ ይከራከራል?

ደንብ ሲባል ቢሮክራሲ የሚመስላቸው አሉ። ለእኔ ደንብ ከሁሉ በፊት የደካማው ጉልበት ነው። ዘጌ ላይ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምደውን ሰው አስቡ። ዓሣው በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ሲወጣ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ እንደሚያልቅ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉት እሱ በሚቀዝፍበት ውኃ ውስጥ ነው። ስብሰባ ላይ ይጠራል፣ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ «የኅብረተሰብ ተወካይ» ተብሎ ይመዘገባል። ድምፅ አለው ወይ? የተጻፈ ደንብ የለምና አይታወቅም። ሰብሳቢው ደስ ሲለው ዕድል ይሰጠዋል፣ ካላለው ያልፈዋል። ተናግሮስ ቢሆን ማን መዘገበለት?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። የሰብሳቢው የሥራ ዘመን በዓመት ይገደብ። ሳይንሱን የሚመዝኑት ባለሙያዎች ከሚወስኑት ይለዩ፤ ሐሳባቸው ውድቅ ሲደረግ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቀመጥ። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ የተወሰነ ነገር ውሳኔ አይባል። ዓሣ አጥማጁና የዳርቻው ገበሬ ድምፅ ያላቸው አባላት ይሁኑ። በ10 ዓመት ውስጥ ስለተሠራውና ስላልተሠራው የሚጻፈው ሪፖርት በአማርኛ ተዘጋጅቶ ዘጌም፣ አቸፈርም፣ ሐይቁን ተሻግሮ ደምቢያም ሕዝብ ፊት ይነበብ። ጸሐፊውም በስሙ ይፈርምበት።

ኃላፊው ለዚህ መልስ ካላቸው በጽሑፍ ይስጡን።