የሐውልት ጽዳት ሥራ በልቅሶ ቤት በር ላይ አይተዋወቅም

ክረምቱ ሲወጣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በባሕር ዳር ወደ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባ በሉና መቃብሮቹን እዩ። ከሰኔ ጀምሮ የጣለው ዝናብ በጽዱና በወይራው ጥላ ሥር ያሉትን ሐውልቶች አረንጓዴ አልብሷቸዋል። ስሙ አይነበብም። ፎቶው ደብዝዟል። ልጆቹ ወይ አዲስ አበባ ናቸው፣ ወይ ውጭ አገር። እዚህ የቀሩት እናት ደግሞ ጎንበስ ብለው ለመፋቅ ጉልበት የላቸውም።

ይህን ማጽዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሁለት ሦስት ወጣቶች ተደራጅተው ቢይዙት እንጀራ ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ። «በሙት ገንዘብ መሰብሰብ ነውር ነው» የሚል አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ሐውልቱን የሠራው ግንበኛ ተከፍሎታል፣ ስሙን የቀረጸውም ተከፍሎታል። ነውር የሚመጣው ከአቀራረቡ ነው።

የዚህ ሥራ ደንበኛ ሐዘንተኛ ነው። ቀብር ላይ ካርድ ማደል ወይም ድንኳን ውስጥ ስልክ ቁጥር መስጠት በፍጹም አይሆንም። መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ደብሩ አስተዳዳሪና ወደ ሰበካ ጉባኤው ነው። ያለ እነሱ ፈቃድ ብሩሽ አይነሳም። ቀጥሎ ወደ እድር። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው እድሩ ነው፤ ቤተሰቡም የሚያምነው እሱን ነው። በእድር ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ለምኖ ሥራውን ማስረዳት ከብዙ የፌስቡክ ማስታወቂያ ይበልጣል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ኦንላይን ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ንግድ ምን እንደሚገጥመው አይተናል።

ጠያቂ ዘመድ የሌለውን አንድ ሐውልት አስፈቅዶ በነጻ ማጽዳትም ጥሩ ጅማሬ ነው። እሑድ ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ ያየዋል።

ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በአርባና በሰማንያ ሐውልቱ ብዙውን ጊዜ ገና አልተሠራም። ሙት ዓመትና ሰባት ዓመት ሲደርስ ግን ዘመድ ከያለበት ይሰበሰባል፤ ቤተሰቡም መቃብሩ እንዲያምር ይፈልጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን የአሠራሩ ጉዳይ ነው። እብነ በረድ ከኖራ ድንጋይ የተገኘ ነው። አሲድ ያለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ሲፈስበት አረፋ ይደፍቃል፣ ገጹም ይበላል። ያ የሚያብረቀርቅ ፊት በእጥበት አይመለስም። በረኪና ለዛሬ ያነጣል፤ የሚተወው ጨው ግን ውሎ አድሮ ድንጋዩን ይፈረፍረዋል። የሽቦ ብሩሽ ይቧጭራል፣ የቀረው ሽራፊም ዝገት ይሆናል። የሚሻለው ንጹሕ ውሃ በደንብ ማጠጣት፣ በለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ ማሸት፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። ከዚያ በፊት ሐውልቱ መሰንጠቁንና መነቃነቁን ማየት ይገባል። የማይለቅ ቆሻሻ ካለ ይተው፤ ድንጋዩ ከሚጎዳ ትንሽ እድፍ ቢቀር ይሻላል። ይህን ለደንበኛው በግልጽ የሚያስረዳ ወጣት እምነት ያገኛል።

ውጭ አገር ላለ ቤተሰብ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶ በቴሌግራም መላክ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶው ግን ለቤተሰቡ ብቻ ነው። የሰው አባት መቃብር ያለ ፈቃድ ለማስታወቂያ አይለጠፍም።

ጎጃም እንደ ዲማ ጊዮርጊስና እንደ መርጡለ ማርያም ያሉ ጥንታዊ ገዳማት አገር መሆኑንም አንርሳ። የቆየና ታሪካዊ መቃብር ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚያ ማንም በባልዲና በብሩሽ አይግባ።

የመጨረሻው ዋጋ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይከራከርም፤ የተጠየቀውን ይከፍላል። ስለዚህ ዋጋው እንደ ሐውልቱ ስፋት ተወስኖ በጽሑፍ በእድሩ ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ። አቅም የሌላቸውንም እድሩ ያውቃቸዋል፤ ለእነሱ በእድሩ ቃል ይቀነስላቸው።