ውዳሴ ለአረቦን ቆጣቢው

በባንክ ብድር መኪና አውጥቶ፣ ሙሉ ሽፋን ያለው መድን ግባ ሲባል ስለ አረቦኑ (ለመድኑ በየዓመቱ ስለሚከፍለው) «ዝቅተኛው ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቀውን የጅማ ሰው እስከ ዛሬ ያመሰገነው የለም። ግፍ ነው። ይህ ሰው መርካቶ ወርዶ ቡና ሲገዛ ፍሬውን በጥርሱ ሰበር ያደርጋል፣ እርጥበቱን ያሸታል፣ ሚዛኑን ጎንበስ ብሎ ያያል። የሚሊዮን ብር የመድን ውል ሲፈርም ግን ልቡ ንጹሕ ነው፤ አንድ ገጽ አይገልጥም። አጥፎ ዳሽቦርድ ውስጥ ይከተዋል። ትራፊክ ቢያስቆመው የሦስተኛ ወገን ስቲከሩ መስታወቱ ላይ አለ፤ ባንኩ ቢጠይቅ ኮፒው ፋይል ውስጥ ገብቷል። ስቲከሩ የሚክሰው የተገጨውን ሌላ ሰው እንጂ የእሱን መኪና አለመሆኑ ተራ ዝርዝር ነው።

የጥበቡ ራስ ዋጋ ማሳነስ ነው። እንበልና መኪናውን በ2.4 ሚሊዮን ብር ገዛው፦ 800 ሺህ ከኪሱ፣ 1.6 ሚሊዮን ከባንክ። ባንኩ መድን የሚጠይቀው ቢያንስ ለብድሩ ነው ብሎ መኪናውን በ1.6 ሚሊዮን ያስመዘግባል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ የመኪና ዋጋ ወዴት እንደሄደ እሱ ራሱ ከማንም ደላላ በላይ ያውቃል፤ «ስንት ያወጣል?» ሲሉት «3.2 ሚሊዮን፣ ወዲያ ንካው የለም» ይላል። መድኑን ሲያድስ ግን ትሑት ነው፦ «እንደ አምናው አድርጉልኝ።» አረቦኑ ከ100 ብር 2 ብር ቢሆን በዓመት 32 ሺህ ብር አተረፈ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ሒሳብ በእስኪብርቶ መዳፍ ላይ ይሠራል።

ትርፉ መታየት የሚጀምረው መኪናው ቀለል ያለ ግጭት ሲደርስበት ነው። ራዲያተሩ፣ ኮፈኑና የፊት መብራቱ ሄደው የጥገናው ግምት 400 ሺህ ቢሆን፣ 3.2 ሚሊዮን የሚያወጣውን መኪና በ1.6 ያስመዘገበ ሰው ጉዳቱን እኩል ይካፈላል። 200 ሺህ ከኩባንያው፣ 200 ሺህ ከራሱ፤ ከኩባንያው ድርሻ ላይ ደግሞ ተቀናሹ (በየአደጋው ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው፣ ሠራተኞቹ ኤክሰስ የሚሉት) ይነሳል። ይህን የሚለው ውሉ ነው፦ ለጎደለው መጠን ባለንብረቱ የራሱ መድን ሰጪ ይሆናል። ካፒታል ሳያሟላ፣ የብሔራዊ ባንክን ደጅ ሳይጠና የኢንሹራንስ ኩባንያ ባለቤት መሆን የማን ዕድል ነው?

የጀግናው ሙሉ ክብር የሚታየው ግን ግቤ በረሃ ቁልቁለት ላይ ነው። መኪናው ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሁለት ጊዜ ተገለባብጦ ቢቆም፣ ሰው በሕይወት ተርፎ እልል ሲባል፣ የመጀመሪያው ሥራ ፖሊስ መጥራት ይመስላችኋል። እሱ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ከሌላው ሾፌር ጋር መንገድ ዳር ይታረቃሉ፣ ከደብተር በተገነጠለ ቅጠል ላይ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተስማምተናል» ይጻፋል፣ ሦስት ምስክር ይፈርማል። ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋትን ማመን ውሉ የሚከለክለው ነገር ነው፤ አጥፊው ሌላኛው ከሆነም ኩባንያው ከእሱ ገንዘቡን የሚያስመልስበት በር በዚያች ቅጠል ይዘጋል። ግን እርቅ ከመድን አይበልጥም?

ከዚያ መንገድ ላለመዝጋት ተብሎ መኪናው ይጎተታል። የትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ የሚለካው የጎማ ዱካ የለም። ሪፖርቱን የሚሰጠው ደግሞ አደጋው የደረሰበት ወረዳ ነው እንጂ ጅማ አይደለም፤ ስለዚህ ጀግናችን መኪና ባይኖረውም በሚኒባስ ይመላለሳል። ለኩባንያው ማስታወቅ? «ትንሽ ልረፍ፣ ነርቤ ተነክቷል።» የ1952ቱ የንግድ ሕግ ማሳወቂያውን በ5 ቀን መገደቡን የሚያነሳበት ሰው ቢኖር ጭካኔ ነው። (በነገራችን ላይ የሚሻለው እዚያው ቆሞ በስልክ ማስታወቅ፣ መኪናው ሳይነሳ ከአራቱም ማዕዘን ከሰሌዳው ጋር ፎቶ ማንሳት፣ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ከመንጃ ፈቃድና ከሊብሬ ኮፒ ጋር ማስገባት ነው። ግን ይህ ምን ጀግንነት አለው።)

መሪውን የያዘው ረዳቱ ከነበረ፣ መንጃ ፈቃዱም ከመኪናው ዓይነት በታች ከሆነ፣ ወይም በግል የተመዘገበው መኪና ጅማና አጋሮ መካከል ሰው ሲያመላልስ የሚውል ከሆነ፣ ነገሩ ያለ ካሳ በአጭሩ ያልቃል። አረቦን ለመቀነስ የአገልግሎቱን ዓይነት መደበቅ ውሉን ራሱን ያፈርሳል። በውክልና የገዛውም እንዲሁ ነው፤ ውሉ በሻጩ ስም ተቀምጦ እሱ ካሳ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጋራዥ። ፕሮፎርማው ከወጣ በኋላ የኩባንያው ኢንጂነር ሻንሲውን ያያል፣ ጣራውን ያያል፣ የጥገናውን ወጪ ከመኪናው ዋጋና ከተመዘገበው መጠን ጋር ያስተያያል፤ መጠገን የማያዋጣ ሆኖ ሲያገኘው ቶታል ይላል። ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ የዘመድ ሠራዊት ይደርሳል። «ቶታል ከሆነ ምን ያደርግላቸዋል» ተብሎ ባትሪው ይፈታል፣ ስፔር ጎማው ይሄዳል፣ ቴፑና ስፖኪዮው በሌሊት ይጠፋል፣ ክሪክ እንኳ አይተርፍም። ኢንጂነሩ የመጀመሪያ ቀን ያነሳው ፎቶ እንዳለ ማንም አያስታውስም። ሙሉ ካሳ ሲከፈል ስብርባሪው የኩባንያው ንብረት ነው፤ የጎደለው ዕቃ ዋጋው ከካሳው ላይ ይነሳል። የአጎቱ ልጅ በ8 ሺህ የሸጣት ባትሪ እዚህ ላይ በአዲስ ባትሪ ዋጋ ትሰላለች።

ከዚህ በኋላ ጀግናችን የሚናገረው ዓረፍተ ነገር በወርቅ ቢጻፍ አይበዛበትም፦ «መኪናው ከሞተ ዕዳውም ሞቷል።» ወርሃዊ ክፍያውን ያቆማል። ባንኩ ግን ያበደረው ለሰው እንጂ ለመኪና አይደለም። ሊብሬው ካዝናው ውስጥ ነው፣ መንገድ ትራንስፖርት ያለው ፋይል ላይ እገዳው አለ፣ በመድን ውሉም ላይ የቅድሚያ ተከፋይነቱ ተጽፏል። ካሳው ሲወጣ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ባንኩ ነው። ከወለድ ነፃ በሙራበሃ (ባንኩ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በሚሸጥበት ውል) የገዛውም ወለድ ባይቆጠርበት የተስማማበት የሽያጭ ዋጋ ይጠብቀዋል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የተመዘገበው 1.6 ሚሊዮን፣ ተቀናሹ 5 ከመቶ ነው ቢባል 80 ሺህ፣ የሚከፈለው 1 ሚሊዮን 520 ሺህ። የቀረው ዕዳ 1 ሚሊዮን 450 ሺህ። ለጀግናው የሚተርፈው 70 ሺህ ብር። 3.2 ሚሊዮን ያወጣል ይላት ለነበረችው መኪና፣ 800 ሺህ ቅድመ ክፍያ ለከፈለባት፣ ከዚያ በኋላም በየወሩ ለገፈገፈላት። ያቋረጠው ወርሃዊ ክፍያ የቅጣት ወለዱን ይዞ እየመጣ ያቺንም 70 ሺህ ይበላታል።

ወለዱ እየሄደ ወረቀቱ ደግሞ አይሄድም። ኩባንያው ሁለቱን ሰሌዳ፣ ሁለቱን ቁልፍ፣ የባንኩን የቀሪ ዕዳ ደብዳቤ፣ የእገዳ ማንሻና የስም ማዛወሪያውን ውል ይፈልጋል። ሊብሬውን ባንኩ የሚለቀው ገንዘቡ ሲገባ ነው፤ ገንዘቡን ኩባንያው የሚለቀው ሊብሬው ሲገባ ነው። ባንኩ «ዕዳው ሲከፈል ሊብሬውን እናስረክባለን» የሚል የግዴታ ደብዳቤ ለኩባንያው ቢጽፍ ነገሩ ይፈታል፤ ደብዳቤውን ግን ባለጉዳዩ ራሱ መጠየቅ አለበት። ጀግናችን አይጠይቅም። እሱ «ሰው አለኝ» ባይ ነው። ሁለተኛው ቁልፍ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ሰርግ ላይ ጠፍቷል።

በመጨረሻ ስብርባሪው በኩባንያው ግቢ ለጨረታ ይቀርባል። ሞተሩ ደህና መሆኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ በታሸገ ፖስታ ሊወዳደር ይነሳል። ለጨረታ ማስከበሪያ የሚሆን ሲፒኦ ሊያሠራ ወደ ባንኩ ሲገባ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ የሒሳብ ቁጥሩን ታስገባለች፣ ስክሪኑን ታያለች፣ ቀና ብላም «ጋሼ፣ እስቲ መጀመሪያ ብድር ክፍል ይሂዱ» ትለዋለች።