«ሞቅ ካለ ይበቃዋል» ባዮች፣ እባካችሁ!

ጥሬ ወተት ጀርሙ እንዲሞት ስናሞቅ፣ ዛሬም ያችው ንግግር!

«ቴርሞሜትር ምን ያደርጋል? ጣቴን ከትቼ አውቀዋለሁ።»
«ጣትህ ስንት ዲግሪ ያነባል?»
«ሲያቃጥል በቃው! ወተት ለማፍላትም ትምህርት ቤት ተገባ እንዴ?»

ሳቅ በሳቅ። ማን ላይ እንደተሳቀ አልነግራችሁም።

ኧረ ወገን! ጣት እኮ 50 ዲግሪ ላይም ያቃጥላል። ባክቴሪያው በዚያ ሙቀት ለአፍታ ቢነካ ገላውን ታጠበ እንጂ ምን ሆነ? እንዲሞት 63 ዲግሪ ከሆነ ሙሉ 30 ደቂቃ፣ 72 ከሆነ 15 ሰከንድ። ደግሞ የሚቆጠረው ምድጃው ሲለኮስ አይደለም፣ ወተቱ በሙሉ እዚያ ሲደርስ ነው! እያማሰላችሁ፣ ቴርሞሜትሩ የድስቱን ቂጥ ሳይነካ ለኩ፤ ቂጡን ከነካ የብረቱን ሙቀት ነው የሚነግራችሁ። አረፋውንም ግፈፉት። አረፋ ከወተቱ ስለሚቀዘቅዝ እዚያ የተሸሸገው ይተርፋል።

«እኔ እስኪገነፍል ነው የማፈላው» የሚለው እንኳ ከባለ ጣቱ ይሻላል። ግን ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? ክዳኑን ገጥሞ እስከ ማታ ምድጃው ላይ ይተወዋል! ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት የሚችል፣ የተኛ ዘር መሰል ነገር) ሠርቶ መፍላቱን ያልፋል፤ ወተቱ ለብ ብሎ ሲቆይለት ነቅቶ ይራባል። ድስቱን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማማሰል፣ ቶሎ 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት፣ ይኼ ከበደ? ጥሬው የነበረበት ጆግ ሳይታጠብ መልሰው ሲገለብጡበት ሳይማ... ተውት።

«ውጭ አድሯል፣ ግን እናፈላዋለን»ም አለላችሁ። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲፈላ ይሞታል፤ ወተቱ ውስጥ የተፋው መርዝ ግን በመፍላት አይጠፋም! ያደረውን ድፉት፣ አለቀ።

ያ ሁሉ ሳያንስ ባለፈው ደግሞ ፎሶሊያ በጠርሙስ አሽገው በፈላ ውሃ ቀቀሉላችሁ። ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) ከ4.6 በላይ የሆነ፣ ኮምጣጣነቱ አነስተኛ የሆነ ምግብ እኮ ነው! ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር 100 ዲግሪን ይችላል። 121 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይሞትም፤ ለዚያ ደግሞ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ማሸጊያ ድስት ያስፈልጋል። አየር የሌለበት የታሸገ ጠርሙስ ደግሞ ለእሱ ምቹ ቤቱ ነው።

ይኼን ሁሉ ለፍልፌ የተሰጠኝ መልስ?

«አሽትተነዋል፣ ምንም አይልም።»

መርዙ አይሸትም እኮ! አይሸትም! በሉ ደህና እደሩ፣ ደክሞኛል።