ገመዱ ይቆይ ወይስ ይቅር?

አዳማ ውስጥ አንድ ግቢ የሚጋሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ከፊት ባለው ክፍል ውልና አቤቱታ የሚተይቡ ጸሐፊ ናቸው። ሌላው ከኋላ ኮምፒውተር የሚያስተምሩ መምህር። ለሁለቱም ክፍሎች አዲስ ኪቦርድና ማውስ ሊገዛ ነው። ባለገመድ ወይስ ገመድ አልባ? ሳይስማሙ ቀሩና ሐሳባቸውን በየፊናቸው ጻፉ።

ጸሐፊዋ፦ ባለገመድ ይገዛ

የእኔ ምክንያት ከአንዲት ፊደል ይጀምራል።

አማርኛ ስንተይብ ብዙው ፊደል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። «ል» ላይ አናባቢ ስንጨምር «ለ» ይሆናል። እንግሊዝኛ ላይ አንድ ቁልፍ ሳይገባ ከቀረ ቃሉ ጎድሎ ይታያል፤ ዓይን ቶሎ ይይዘዋል። አማርኛ ላይ ግን ፊደሉ አይጎድልም። ሌላ ፊደል ይሆናል።

በቅርቡ በገመድ አልባው ኪቦርድ የኪራይ ውል እየተየብኩ ነበር። «የ3 ወር ኪራይ በቅድሚያ ይከፈላል» ብዬ መታሁ። ወረቀቱ ላይ «ይከፍላል» ሆኖ ወጣ። የቀረችው አንዲት አናባቢ ናት። ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ቀይ መስመር አያሰምርም። ማን ነው የሚከፍለው? ያየሁት ተከራዩ ሊፈርም ብዕር ካነሳ በኋላ ነው። ላቤ ነው የመጣው።

ቁልፉን መትቼዋለሁ፣ ጣቴ ያውቃል። መንገድ ላይ ነው የቀረው። እነዚህ ኪቦርዶች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ነው። የግቢያችን ዋይፋይም፣ የደንበኛው የብሉቱዝ ማዳመጫም እዚያው ሞገድ ላይ ናቸው። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ደህና ይሠራል። ወረፋው ሲሞላ ይደነቃቀፋል።

የሰው ምስጢርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የደህንነት ኩባንያ የ8 አምራቾች ርካሽ ገመድ አልባ ኪቦርዶች የሚተየበውን ሳያመሰጥሩ እንደሚልኩ አሳይቷል። ውጭ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሊጠልፈው ይችላል ማለት ነው። እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ፍቺውንና የውርስ ጉዳዩን ይዞ ነው። አምኖኝ ነው የሚያወራው።

መምህሩ፦ ገመድ አልባ ይገዛ

እትዬ፣ የውሉ ነገር እኔንም አስደንግጦኛል። ግን እስቲ ጎንበስ ብለው ሲፒዩውን ይዩት። ያቺ ጥፍር የምታህል፣ የኪቦርዱን ሞገድ የምትቀበል ሪሲቨር የተሰካችው ከኋላ፣ ጠረጴዛው ሥር ነው። በእርስዎና በሷ መካከል የሲፒዩው ብረት አለ። ከጎኗ ደግሞ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ሃርድ ዲስክ ተሰክቷል። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ የሚፈጥረው ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝን እንደሚረብሽ አስረድቷል። ሪሲቨሯን በዩኤስቢ ማራዘሚያ አውጥተው ኪቦርዱ አጠገብ ያድርጓት። ዋይፋዩንም ወደ 5 ጊጋኸርዝ እናዙረው።

ምስጢሩን በተመለከተ እውነት ብለዋል። የማያመሰጥር ርካሽ ዕቃ አይገዛ። ካርቶኑ ላይ ኤኢኤስ 128 (AES 128) የሚል የማመስጠሪያ ዘዴ ስም ከሌለ ይለፉት።

አሁን ወደ እኔ ክፍል ይምጡ። ባለገመድ ማውስ የሚሞተው አንገቱ ላይ ነው፣ ገመዱ ከማውሱ በሚወጣበት ቦታ። ተማሪው ሲጎትተውና ሲያጥፈው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ይበጠሳል። ከላይ ምንም አይታይም። ጠምዘዝ አድርገው ሲይዙት ይሠራል፣ ሲለቁት ያቆማል። በፕላስተር የጠቀለልናቸው መሳቢያ ሞልተዋል። አንዱን ተማሪ ደግሞ ገመድ እግሩን ያዘው፤ ላፕቶፑን ይዞት ወረደ። የዩኤስቢው አፍ ተነቀለ።

ከሁሉ በላይ ግን ማስተማሩ ነው። ገመድ አልባውን ኪቦርድ ይዤ ወደ ኋላ ወንበር እሄዳለሁ። ወደ ፊት መውጣት የምታፍር ልጅ እዚያው ቁጭ ብላ ትመታለች። ፊደሏ በፕሮጀክተር ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ይወጣል። ባለገመዱ ይህን አይሰጠኝም።

ጸሐፊዋ

መምህር፣ ማራዘሚያውን ሞከርኩት። ሁለት ቀን አንድም ፊደል አልቀረብኝም። ይህን አልክድም። ግን ማራዘሚያውም ገመድ ነው። ኪቦርዱ በደንብ እንዲሠራ ገመድ ካስፈለገው፣ ለምን ከመጀመሪያው አይኖረውም?

ደግሞ ሪሲቨሯ ራሷ። የአዳማን ነፋስ ያውቁታል፤ ዙሪያችን የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። አቧራው ስለማይቻል በቀን ሁለቴ ይጠረጋል። አንድ ጊዜ ወድቃ ከአቧራው ጋር ተጠርጋ ሄደች። የሌላ ኪቦርድ ሪሲቨር ብንሰካ እምቢ አለ። ደህናው ኪቦርድ አሁንም መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ባትሪ ድንጋዩስ? የሚያልቀው ወረፋው መካከል ነው። ቀጠሮ የደረሰበት ሰው ፊቴ ቆሞ ድንጋይ ፍለጋ ሱቅ ልልክ አልችልም።

መምህሩ

ባትሪው ላይ መልስ አለኝ፤ ቻርጅ የሚደረጉትን ገዝቶ ሁልጊዜ አንድ ጥንድ ሙሉ ማስቀመጥ ነው። ሪሲቨሯ ላይ ግን ረትተውኛል። ለዚህ ነው እኔ ላፕቶፖቹ ላይ ራሱ ባላቸው ብሉቱዝ የሚሠራውን የምፈልገው። እሱም ቢሆን ጉድለት አለው። ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይነሳ፣ የብሉቱዝ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ለዚያ ሥራ አንድ ባለገመድ አስቀምጣለሁ።

ማዳመጫ ላይ ግን እኔም ባለገመዱን እመርጣለሁ። ብዙ የብሉቱዝ ማዳመጫ ማይኩ ሲከፈት የድምፁ ጥራት ይወርዳል። ፕሪንተሩም በገመዱ ይቆይ።

ለእትዬ ጠረጴዛ ባለገመድ ቢገዛ አልቃወምም። የእኔ ክፍል ግን በውል መተየቢያ አይመዘንብኝ። ያቺ የኋላ ወንበር ልጅ ትናንት ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አድርጋ የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ስም ጻፈች። ግድግዳው ላይ ሦስቱም ሲወጡ አየቻቸው፤ ከዚያ ኪቦርዱን ራሷ ለጎረቤቷ አቀበለች።